ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም፤ የሕክምና ላቦራቶሪ ትምህርት ለደጀን፣ ለቢቸናና ለሞጣ አገር ያለው ጥቅም

1. መግቢያ

የሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከሚሰጡት የጤና ትምህርቶች አንዱ ነው። ሆኖም ከጤና ሙያዎች ሁሉ ሕዝቡ እምብዛም የማያውቀው፣ በተማሪዎችም ዘንድ ብዙ ጊዜ እንደ ሁለተኛ ምርጫ የሚቆጠር ሙያ ነው። ሐኪሙን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ነርሷንም እንዲሁ። ደም ወስዶ ከመስኮቱ በስተጀርባ የሚቀመጠውን ሰው ግን በሽተኛው የሚያስታውሰው በመርፌው ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ትምህርት ምን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣና ምን እንደሚያስተምር ለተማሪ ጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን ባጭሩ ማስረዳት ነው። ነገሩን በጠቅላላ አነጋገር ብቻ እንዳንተወው፣ አንድ አገር መርጠን በዚያ ላይ እናሳያለን። የመረጥነውም በምሥራቅ ጎጃም ያለውን ከደጀን እስከ ቢቸናና ሞጣ የሚደርሰውን አገር ነው። የመረጥንበት ምክንያት፣ በዚህ አገር ቆላውና ደጋው እጅግ የተቀራረቡ ስለ ሆኑ፣ ትኩሳት ይዞት የመጣ አንድ ሰው በሽታውን ከየት እንዳመጣው በመልኩ ብቻ ለማወቅ ስለማይቻል ነው። እንዲህ ባለው አገር ላቦራቶሪው የሐኪም ቤቱ ጌጥ ሳይሆን ዐይኑ ነው።

2. ስለ አገሩ አቀማመጥ

ደጀን ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ዓባይን ተሻግረው ዳገቱን ሲጨርሱ በገደሉ ጫፍ የምትገኝ ከተማ ናት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ሲኖራት፣ የወንዙ ወለል ግን ከ1,000 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ አንድ መንገደኛ ከደጀን ተነሥቶ በኩራር በኩል ወደ ድልድዩ ሲወርድ፣ ጋቢ ከሚያስደርብ ብርድ ተነሥቶ ሸሚዝ ወደሚያስወልቅ ሐሩር ይገባል። ከደጀን ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ ደግሞ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አልፎ ሞጣ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ይቀጥላል። ይህ አገር በጤፉ የታወቀ ደጋና ወይና ደጋ ሲሆን፣ በምሥራቅ በኩል ግን እየተቆረሰ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል።

አባቶቻችን የቆላን ጠባይ ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር። ቆላ ወርደው ያርሳሉ፤ ማደሩን ግን ይፈሩታል፤ ወደ ደጋ ተመልሰው የሚያድሩም ብዙዎች ነበሩ። በሽታውን ንዳድ ይሉታል፤ ለመከላከያውም ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ይመገባሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ በብዛት የምትናከሰው ሌሊት ነው። ተውሳኩም በትንኟ ሰውነት ውስጥ ለማደግ ሙቀት ይሻል፤ የአየሩ ሙቀት ወደ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ የፋልሲፓረም ዕድገት ይገታል። ደጋው የሚጠበቀው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን በሽታ የሚመጣው ከቅርቡ በረሃ ብቻ አይደለም። ከጎጃም ብዙ ወጣቶች በክረምትና በመኸር ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳሉ። ጥቂት ወራት ሠርተው ገንዘብ ይዘው ይመለሳሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ከገንዘቡ ጋር ሌላም ነገር ይዘው ይመለሳሉ። በኋላ እንደምናየው፣ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

3. ትምህርቱ ከየት መጣ

የጤና ባለሙያን በአገር ውስጥ አሠልጥኖ ወደ ገጠር የመላክ ሐሳብ ራሱ ከወባ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። በ1945 ዓ.ም. በደምቢያ፣ ቆላ ድባ በተባለው አገር ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። ከዚህ በኋላ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። ይህም ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኞችን በአንድነት፣ ኋላም የላቦራቶሪ ቴክኒሺያኖችን ሲያሠለጥን ቆይቶ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መሠረት ሆነ። የጤና መኮንኑ ያለ ላቦራቶሪ ሰው ወደ ገጠር ቢሄድ፣ የሚያክመውን በሽታ በግምት ብቻ እንደሚያክም ግልጽ ነው።

የወባ ነገር በዚያ አላበቃም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1958 ዓ.ም. ሰኔ እስከ ታኅሣሥ፣ ማለትም በእኛ በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው የመካከለኛው ኢትዮጵያ አገሮች ላይ ታላቅ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ወደ 3 ሚሊዮን ሰው እንደ ታመመና ወደ 150,000 ሰው እንደ ሞተ ተገምቷል። ከዚህ የምንማረው፣ ዝናሙና ሙቀቱ ከልክ ባለፈ ዓመት ወባ ከቆላ ወጥቶ ወይና ደጋውን ሊይዝ እንደሚችል ነው። ነገሩ የድሮ ብቻም አይደለም። ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 እስከ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞችና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት ገልጿል።

ዛሬ የሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ በአዲስ አበባ፣ በጎንደር፣ በጅማ፣ በሐዋሳ፣ በወሎና በሌሎችም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። ለደጀን አገር የሚቀርበው በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ይህ ትምህርት ክፍል አለው።

4. ተማሪው ምን ይማራል

የትምህርቱ ዘመን 4 ዓመት ነው። በመጀመሪያ ኬሚስትሪ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ የሰውነት አካላት አቀማመጥና የአሠራራቸው ትምህርት ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ዋናው ሙያ ይከተላል። ይኸውም፦ ስለ ደምና ስለ ደም ሕዋሳት፤ ስለ ስኳር፣ ስለ ኩላሊትና ስለ ጉበት የኬሚስትሪ ምርመራ፤ ስለ ተውሳኮች፤ ስለ ባክቴሪያዎች፤ ሰውነት በሽታን ስለሚከላከልበት መንገድ፤ ስለ ሽንትና ስለ ሌሎች የሰውነት ፈሳሾች፤ ስለ ደም ዓይነትና ስለ ደም መስጠት የሚያስተምረው ነው። በመጨረሻም ተማሪው ወደ ሆስፒታልና ወደ ጤና ጣቢያ ወጥቶ በተግባር ይለማመዳል፤ የመመረቂያ ጥናትም ያቀርባል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ማለፍም ግዴታ ሆኗል።

ይህን ዝርዝር ያነበበ ሰው፣ ትምህርቱ መሣሪያ ማሠራትን መማር ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። እኛ ግን እንዲህ አንልም። መሣሪያን ማሠራት በጥቂት ሳምንታት ይለመዳል። አራት ዓመት የሚያስፈልገው፣ መሣሪያው የሰጠው ቁጥር መቼ እንደሚታመንና መቼ እንደማይታመን ለማወቅ ነው። ይህንም በሚከተሉት ሦስት ምሳሌዎች እናስረዳለን።

5. አንደኛ ምሳሌ፤ የወባ ስላይድ

ከዓባይ በረሃ የተመለሰ አንድ ገበሬ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ብሎት ወደ ጤና ጣቢያ መጣ እንበል። የላቦራቶሪው ሠራተኛ ከጣቱ ጥቂት ደም ወስዶ በመስተዋት ስላይድ ላይ ሁለት ዓይነት ቅብ ይሠራል። አንደኛው ወፍራም፣ ሁለተኛው ስስ ነው። ስሱን በሜታኖል ያደርቀዋል፤ ወፍራሙን ግን ሜታኖል አያስነካውም፤ ምክንያቱም በወፍራሙ ቅብ ቀይ የደም ሕዋሳት ፈርሰው ተውሳኩ ብቻ እንዲታይ ስለሚፈለግ ነው። ከዚያ 10 በመቶ በሆነ የጊምዛ ቀለም ለ10 ደቂቃ ያህል ይቀባና በውሃ ታጥቦ ይደርቃል።

ወፍራሙ ቅብ ተውሳክ መኖሩንና አለመኖሩን ለማወቅ ይረዳል፤ ስሱ ደግሞ የተውሳኩን ዓይነት ለመለየት። ይህ መለየት ለመጽሐፍ ዕውቀት ያህል ብቻ የሚደረግ አይደለም። በአገራችን በብዛት የሚገኙት ሁለቱ ዓይነቶች ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ናቸው። የፋልሲፓረም አንዱ መልክ እንደ ሙዝ የተጠማዘዘ ነው፤ በቶሎ ካልታከመ ይገድላል። ቫይቫክስ ያረፈበት ቀይ የደም ሕዋስ ግን ያብጣል፤ በላዩም ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታዩበታል። ቫይቫክስ ከደም ቢጠፋም በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል፤ ስለዚህ ጉበቱን የሚያጠራ ተጨማሪ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ዓይነቱ ካልተለየ በሽተኛው ዛሬ ድኖ በሚመጣው ጊዜ እንደገና ይወድቃል፤ ጎረቤቶቹም መድኃኒቱ አይረባም ይላሉ።

የተውሳኩም ብዛት ይቆጠራል። ለምሳሌ 200 ነጭ የደም ሕዋሳት እስኪቆጠሩ ድረስ 50 ተውሳክ ቢገኝ፣ 50 በ8,000 ተባዝቶ ለ200 ይካፈላል፤ ውጤቱም በአንድ ማይክሮሊትር ደም 2,000 ተውሳክ ይሆናል። ተውሳክ ካልታየ ደግሞ ሠራተኛው የለም ብሎ ከመጻፉ በፊት በወፍራሙ ቅብ ላይ ቢያንስ 100 የእይታ መስኮችን መመልከት አለበት። ከደጃፉ ሰልፍ ቆሞ 100 መስክ ማየት ትዕግሥት ይጠይቃል። አሥር መስክ ብቻ አይቶ የለም የሚል ሰው ግን ሥራ አላቃለለም፤ በሽተኛውን እንጂ።

ፈጣን መመርመሪያው ከመጣ ወዲህ ማይክሮስኮፑ አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ይህም ትክክል አይደለም። አንደኛ፣ ኤች-አር-ፒ 2 የተባለውን የፋልሲፓረም ፕሮቲን የሚፈልገው መመርመሪያ በሽተኛው ከዳነ በኋላም ለሳምንታት አለ ሊል ይችላል። ሁለተኛ፣ ይህን ፕሮቲን የማይሠሩ የፋልሲፓረም ተውሳኮች በኢትዮጵያ በሱዳን፣ በደቡብ ሱዳንና በኤርትራ ጠረፍ በኩል መገኘታቸውን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 የታተመ ጥናት አስረድቷል። እንዲህ ያለውን ተውሳክ መመርመሪያው አያየውም። ከመተማ የተመለሰ ወጣት ደጀን ወይም ቢቸና ደርሶ ሲመረመር፣ ይህን የሚያውቅ የላቦራቶሪ ሰው መኖሩ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

6. ሁለተኛ ምሳሌ፤ የሊቦ ከምከም ትኩሳት

ስላይዱ በትክክል ተነብቦ ተውሳክ ባይገኝስ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠን ከጎጃም በጣና ማዶ፣ በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ የደረሰው ነገር ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በዚያ አገር ትኩሳቱ የማይለቅ፣ ሆዱን የሚነፋ፣ ሰውነቱን የሚያከሳ በሽታ ገባ። አገሩ ደጋማ ነው። ትኩሳቱ ግን እንደ ወባ ተቆጠረ፤ በሽተኞቹ የወባ መድኃኒት ወስደው ባለመዳናቸው ደግሞ መድኃኒት የተለማመደ ወባ ነው ተባለ። ብዙ ሰዎችም በዚህ መካከል ሞቱ። በመጨረሻ በ1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርመራ በሽታው ካላዛር መሆኑ ታወቀ። ካላዛር የአሸዋ ዝንብ በምትባለው ትንሽ ነፍሳት የሚተላለፍ፣ ጣፊያንና የአጥንት መቅኔን የሚያጠቃ፣ ካልታከመ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የሚገድል በሽታ ነው። በቀድሞ ጊዜ በብዛት የሚታወቀው በመተማና በሁመራ ቆላ ነበር። ወደ ደጋው የመጣውም ለሥራ ወደዚያ ወርደው በተመለሱ ሰዎች አማካይነት እንደ ሆነ ይታሰባል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ስላይዱ አልዋሸም። ወባ የለም ሲል የነበረው እውነቱን ነበር። የጠፋው፣ ታዲያ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ነው። ካላዛርን ለማወቅ አርኬ 39 የሚባል የደም መመርመሪያ አለ፤ ይህም ካልበቃ ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ በመርፌ ተወስዶ በዚያው በጊምዛ ቀለም ተቀብቶ በዚያው ማይክሮስኮፕ ይታያል። ቀለሙም ማይክሮስኮፑም አዲስ አይደሉም፤ አዲስ መሆን ያለበት ጥያቄው ነው።

በሽታው ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ እስኪገለጥ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ይቆያል። ስለዚህ በመኸር ከሁመራ የተመለሰ የሞጣ ወጣት የሚታመመው በበልግ ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ ሁመራን ማን ያስታውሳል? በአገራችን በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። እዚህ ላይ ግን ሸሻጊው በሽተኛው አይደለም፤ ጠያቂ ያጣ እንጂ።

7. ሦስተኛ ምሳሌ፤ ታይፎይድና ታይፈስ

በከተማም በገጠርም አንድ ሰው ተመርምሮ ሲወጣ ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ ሲል መስማት የተለመደ ነው። ይህን ውጤት የሚሰጡት ቪዳልና ቫይል-ፌሊክስ የተባሉት ምርመራዎች ናቸው። ቪዳል የሚፈልገው ባክቴሪያውን ራሱን ሳይሆን፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመቋቋም ያወጣውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ ፀረ እንግዳ አካል ከቀድሞ ሕመም ተርፎ ሊቆይ ይችላል፤ በሌላ ተመሳሳይ ጀርም ምክንያትም ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ቀን በአንድ ጠብታ የተነበበ ቪዳል የዛሬውን ሕመም አያስረዳም። እርግጠኛው መንገድ ደምን በማሳደጊያ ጠርሙስ አድርጎ ባክቴሪያውን ማብቀል ነው፤ ይህም ቀናትን፣ ኢንኩቤተርንና የማያቋርጥ መብራትን ይፈልጋል።

በዚህ ምክንያት የሚመጣው ጉዳት ሁለት ነው። በሽተኛው ባልያዘው በሽታ አንቲባዮቲክ ይገዛል፤ ጀርሞቹም መድኃኒቱን ይለምዱታል። ከዚህ የሚከፋው ግን እውነተኛው በሽታ፣ ወባም ይሁን ካላዛር፣ ከሐሰተኛው ስም በስተጀርባ ተሸሽጎ መቆየቱ ነው። ተማሪው በትምህርት ክፍል ውስጥ ይህን በሚገባ ይማረዋል። ወደ ሥራ ሲገባ ግን ምርመራው ይታዘዛል፤ እሱም ይሠራል፤ ውጤቱን ጽፎ ይሰጣል። ዕውቀቱ ሳይናገር ይቀራል።

8. ስለሚያጋጥሙት ችግሮች

በደጀን፣ በቢቸናና በሞጣ ሆስፒታሎች አሉ፤ በየቀበሌው አቅራቢያም ጤና ጣቢያዎች ይገኛሉ። ሆኖም የትም ባሉ የገጠር ላቦራቶሪዎች የሚታዩት ችግሮች የታወቁ ናቸው፤ የመብራት መቋረጥ፣ የሪኤጀንት ማለቅ፣ የተበላሸ መሣሪያን የሚጠግን ባለሙያ አለመኖር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቆየው ግጭት ደግሞ መንገድን በመዝጋት የመድኃኒትንና የዕቃን መድረስ፣ የበሽተኛንም ወደ ደብረ ማርቆስ መላክ አስቸጋሪ አድርጎታል።

ይህን ሁሉ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ብቻውን ሊያቃናው አይችልም። ነገር ግን ገንዘብ የማይጠይቁ፣ ጥንቃቄን ብቻ የሚሹ ነገሮች አሉ። የጊምዛ ቀለም ከዝቃጭ መጥራቱንና ውሃው ልከኛ መሆኑን ማረጋገጥ፤ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ስላይድ ከበሽተኛው ስላይድ ጋር አብሮ ቀብቶ ማነጻጸር፤ የተነበቡ ስላይዶችን አስቀምጦ በሌላ ሰው ዐይን እንዲታዩ ማድረግ፤ ስም ከናሙና ጋር እንዳይለዋወጥ መመዝገብ። የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቢሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ከጀመረው በኋላ በአገራችንም ላቦራቶሪዎች የሚመዘኑበት ባለ 5 ኮከብ መለኪያ የሚጠይቀው በአብዛኛው ይህንኑ ነው፤ የሠራኸውን ጻፍ፣ የጻፍኸውን ሥራ የሚል ነው።

9. ማጠቃለያ

ከላይ ከገለጽናቸው ምሳሌዎች የምናገኘው ሐሳብ አንድ ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያ ዋጋ በሽታን በማግኘቱ ብቻ አይለካም፤ ያልሆነውን አይደለም በማለቱና፣ አይደለም ካለ በኋላ ዝም ባለማለቱም ነው እንጂ። ስለዚህ ሁለት ነገሮችን ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በምርመራ ማዘዣው ወረቀት ላይ ከስሙና ከዕድሜው ቀጥሎ አንድ መስመር ይጨመር ዘንድ ይገባል፤ ባለፉት 6 ወራት ወዴት ወርደህ ነበር የሚል። ይህን መስመር ለማተም የሚወጣው ቀለም ብቻ ነው። ለዓባይ በረሃ፣ ለመተማና ለሁመራ መንገደኞች አገር ግን ብዙ ነገር ይገልጣል። ወረቀቱ እስኪለወጥ ድረስም ናሙና የሚወስደው ሠራተኛ፣ ክንዱን ሲያስር፣ ወንድሜ ከየት መጣህ ብሎ ቢጠይቅ የሚከለክለው የለም።

ሁለተኛ፣ በተግባር ልምምድ ጊዜ ተማሪው የሚመዘነው ስንት ናሙና ሠራ በሚለው ብቻ ባይሆን መልካም ነው። ውጤቱና የበሽተኛው ሁኔታ የማይስማሙበትን አንድ ጉዳይ አግኝቶ፣ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ፣ ምን እንደ ተደረገ ጽፎ ያቅርብ። ይህ ልማድ በተማሪነት ካልተጀመረ በሠራተኝነት አይመጣም። ወጣቱ ባለሙያ ሐኪሙን መጠየቅ ድፍረት መስሎ ይታየዋልና።

በደጀን ገደል ጫፍ ላይ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ትልቅ መሣሪያ ላይኖረው ይችላል። አንድ ማይክሮስኮፕ፣ ንጹሕ ቀለምና 100 መስክ ለማየት የሚታገሥ፣ ካየም በኋላ የሚጠይቅ ሰው ካለው ግን፣ ከቆላ ትኩሳት ይዞ ለሚወጣው ሰው የሚጠቅመው ትልቁ ነገር አለው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ማውጣት የዩኒቨርሲቲዎቻችን ሥራ ነው፤ መሆን ደግሞ የእኛ የተማሪዎቹ።